ራውቲንግ ቴብሉ ጤነኛ ሆኖ ቱሉ አዛብቶ ሲያሳያችሁ እንዴት ታስተካክላላችሁ

ይሄን ምፅፈው ራውቲንግ ቴብል (ማሽኑ ዳታ ወደየት እንደሚልክ የሚያይበትን ዝርዝር) አንብቦ በሠንጠረዥ መልክ የሚያሳይ ቱል ለሰሩ ወይም ሌላ ሰው የሰራውን ተረክበው ለሚጠግኑ ሰዎች ነው። ኔትወርኩ ይሰራል፣ ፒንግ ይመልሳል፣ ግን ቱሉ የሚያሳያችሁ ጌትዌይ (ዳታው የሚያልፍበት ማሽን) አይታችሁት የማታውቁት አድሬስ ነው፣ ወይ ደግሞ ኮለሞቹ ተዛንፈው የኢንተርፌሱ ስም ሜትሪክ (የራውቱን ቅድሚያ የሚናገረው ቁጥር) ስር ገብቶ ቁጭ ብሏል። እንዲህ ሲሆን የሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ራውቱን ወደ መሰረዝ ነው። እኔ አንዴ በኤስኤስኤች ገብቼ ከሩቅ በምሰራበት ሰርቨር ላይ ቱሉ ዲፎልት ራውቱን (ሌላ ራውት ያልያዘው ሁሉ የሚሄድበትን) 255.255.255.255 ማስክ (ራውቱ ምን ያህል አድሬስ እንደሚሸፍን የሚናገር ቁጥር) ሰጥቶ አሳየኝ፣ ይሄማ ተበላሽቷል ብዬ ሰረዝኩትና እንደ አዲስ ልጨምረው ስል ተርሚናሉ ቀጥ አለ፣ ሰው ሰርቨሩ ያለበት ድረስ ሄዶ ኪቦርድ ሰክቶ እስኪመልሰው ግማሽ ቀን አለፈ። ራውቱ ምንም አልነበረበትም፣ የተሳሳተው ማስኩን የሚያሰላው ኮድ ነበር። ስለዚ ከዚ በታች ያለውን ስትሰሩ እውነተኛው ቴብል ላይ ምንም አትጨምሩ፣ ምንም አትሰርዙ።

1. መጀመሪያ ከርነሉን ራሱን ጠይቁ

ሁለት ተርሚናል ጎን ለጎን ክፈቱ። በአንዱ ቱላችሁን አስነሱ፣ በሌላው «አይፒ ራውት ሾው» በሉ። ይሄኛው በኔትሊንክ (ፕሮግራሞች ከርነሉን በሚያናግሩበት መንገድ) በኩል ቀጥታ ከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ስለሚጠይቅ እንደ ዳኛ ልትይዙት ትችላላችሁ። ከዛ ብዙ ቱሎች የሚያነቡትን የ/ፕሮክ/ኔት/ራውት ፋይል በ«ካት» አውጡና ሦስቱን አስተያዩ። ዳኛውና ፋይሉ ከተስማሙ፣ የእናንተ ብቻ ከተለየ ባጉ እናንተ ኮድ ውስጥ ነው፣ ወደ 2 እለፉ።

ዳኛውን «አይፒ ራውት ሾው ቴብል ኦል» ብላችሁ ስትጠይቁት የሚያሳየው ራውት ፋይሉ ውስጥ ከነጭራሹ ከሌለ ግን ጉዳዩ የማሳየት ሳይሆን የምንጭ ነው። ፋይሉ የሚሰጣችሁ ዋናውን ቴብል ብቻ ነው፣ ቁጥሩ 254 የሆነውን፤ 255 የሆነው ሎካል ቴብልም ሆነ እናንተ በፖሊሲ ራውቲንግ የፈጠራችኋቸው ሌሎች ቴብሎች እዛ አይወጡም። በሁለት ጌትዌይ የሚከፋፈል ራውት ካላችሁም የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚፅፈው። ይሄ ከሆነ ችግራችሁ የኮለሙን ስፋት ብትነካኩ ምንም አይለወጥም፣ ምንጩን ወደ ኔትሊንክ መቀየር ነው ያለባችሁ፣ ኔትሊንክ ከከበዳችሁ «አይፒ ሰረዝ ጄ ራውት ሾው ቴብል ኦል» በጄሰን ይሰጣችኋልና እሱን አንብቡ።

ደግሞ ባግ መስሎ ባግ ያልሆነ ነገር አለ። ማክ ላይ «ኔትስታት ሰረዝ አርኤን» ስትሉ 127 ብቻ ወይ 192.168.1 ብሎ የሚቆም መስመር ታያላችሁ፣ መጨረሻው ተቆርጦ ሳይሆን የኔትወርክ አድሬሱን አሳጥሮ መፃፉ ነው። አይፒቪ6 አድሬስ ተቆርጦ ከመጣ ግን እዛው ማክ ላይ ሰረዝ ኤል፣ ፍሪቢኤስዲ ላይ ደግሞ ሰረዝ ትልቁ ደብልዩ ሙሉውን ያወጣዋል። ሊነክስ ላይ «ራውት» ብቻውን ሲጠራ መስመር በመስመር እየተንቀራፈፈ የሚወጣው አድሬሱን ወደ ስም ለመቀየር ዲኤንኤስ ስለሚጠይቅ ነው፣ ሰረዝ ኤን ስትጨምሩ ይፈጥናል። 0.0.0.0 እና «ዲፎልት» የሚለውም አንድ ነገር ናቸው።

2. የምትሞክሩበት የተለየ ቦታ ፍጠሩ

ይሄን ደረጃ ሰው ይዘለዋል፣ እባካችሁ አትዝለሉት፣ አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ሊነክስ ላይ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) «አይፒ ኔትኤንኤስ አድ» ብላችሁ ሙከራ የሚል ስም ስጡት፣ በቃ ከማሽናችሁ ኔትወርክ የተለየ፣ የራሱ ባዶ ራውቲንግ ቴብል ያለው ኔትወርክ ኔምስፔስ አገኛችሁ። እዛ ውስጥ ደሚ የሚባለውን የውሸት ኢንተርፌስ ፍጠሩ፣ 100.64.1.2/24 ስጡትና አፕ አርጉት። ቀጥላችሁ እነዚህን ጨምሩ፦ በ100.64.1.1 በኩል የሚወጣ ዲፎልት ራውት፣ በዛው ጌትዌይ በኩል 100.64.2.7/32፣ 100.64.2.0/24 እና 100.64.10.0/24፣ አንድ አንሪቸብል (መድረስ አይቻልም) የሚል ራውት ለ100.64.20.0/24፣ ከዛ 8ቱም ክፍል በ4 4 ዲጂት የሞላ ረዥም አይፒቪ6 አድሬስ በ/128፣ ሌላ አይፒቪ6 ራውት ደግሞ በ/64። ሁለተኛ ደሚ ጨምሩና ስሙን ልክ 15 ፊደል አርጉት፣ ሊነክስ የሚፈቅደው ትልቁ የኢንተርፌስ ስም 15 ባይት ነው። ቱላችሁን «አይፒ ኔትኤንኤስ ኤግዜክ ሙከራ» አስቀድማችሁ ስታስነሱት /ፕሮክ/ኔት ስር የሚያየው የዚህን ኔምስፔስ ፋይል ብቻ ነው።

100.64ን ዝም ብዬ አልመረጥኩም። 100.64.0.0/10 በ2012 ኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛን በአንድ አድሬስ ለሚያወጡበት «ናት» ለሚባለው አሰራር የተመደበ ክልል ስለሆነ ከቤት ኔትወርካችሁ አድሬስ ጋር አይምታታም፣ ከሁሉ በላይ ግን የ100.64 ሄክስ (በ16 መሰረት ሲፃፍ) ፊደል የለውም፤ 100 በሄክስ 64 ነው፣ 64 ደግሞ 40። ፋይሉን በአይን ብቻ ማንበብ ትችላላችሁ፣ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይሄ በጣም ይጠቅማችኋል።

3. አድሬሱ ተገልብጦ ከመጣ

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ሙከራው ውስጥ ፋይሉን ስታወጡ ለ100.64.1.0 የተፃፈው 00014064 ነው፣ የዲፎልቱ ጌትዌይ ደግሞ 01014064። ቱላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ ሁለት ሁለት ዲጂት እየቆረጠ ካነበበ 0.1.64.100 እና 1.1.64.100 ብሎ ያሳያችኋል። ቱላችሁ ላይ እንደዚ መጨረሻው ፊት የመጣ አድሬስ ካያችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፣ ጉዳዩ የባይት ቅደም ተከተል ነው።

ለምን እንደዛ ሆነ ካላችሁ፣ ከርነሉ አድሬሱን ሚሞሪ ውስጥ የሚያስቀምጠው በኔትወርክ ቅደም ተከተል ነው፣ 64 ከዛ 40 ከዛ 01 ከዛ 00። ፋይሉ ላይ ሲፅፈው ግን አራቱን ባይት እንደ አንድ ትልቅ ቁጥር አርጎ ነው የሚያወጣው፣ ኢንቴልም ሆነ አብዛኛው አርም ማሽን ትንሹን ባይት አስቀድሞ ስለሚያነብ ቁጥሩ ተገልብጦ ይወጣል። ብዙ ሰው እዚ ጋ ሲደርስ ፅሁፉን ሁለት ሁለት ዲጂት ከኋላ ወደ ፊት የሚያነብ ኮድ ይፅፋል፣ እናም ይሰራል፣ ግን የሚሰራው ባለበት ማሽን ላይ ነው፣ ትልቁን ባይት በሚያስቀድም ማሽን ላይ (የአይቢኤም ሜይንፍሬም ላይ ያለው ሊነክስ እንደዛ ነው) ፋይሉ ሳይገለበጥ ስለሚወጣ የእናንተ ኮድ ትክክለኛውን ይገለብጠዋል። ትክክለኛው አካሄድ ፅሁፉን ከሄክስ ወደ ቁጥር መቀየር፣ ቁጥሩን ማሽኑ በራሱ ቅደም ተከተል ሚሞሪ ላይ እንዲያስቀምጠው መተው፣ ከዛ አራቱን ባይት እንዳሉ ወደ አድሬስ ለሚቀይረው ፈንክሽን መስጠት ነው። ፓይተን ከሆነ ስትራክት ሞጁል ላይ ቁጥሩን ስትፓኩ የእኩል ምልክቱን ተጠቀሙ፣ ትንሹን አስቀድም የሚለውን የ«ያንሳል» ምልክት አይደለም። ሲ ከሆነ የቁጥሩን ውጤት ቀጥታ የአድሬሱ ስትራክት ውስጥ አስገቡት፣ ወደ ኔትወርክ ቅደም ተከተል የሚቀይረውን «ኤችቶንኤል» አትጥሩ። ኔትወርክ ኮድ ስንፅፍ እሱን መጥራት ስለለመድን ሳናስበው እንጨምረዋለን፣ አንዳንዴ ባጉ ራሱ እሱ መስመር ነው፣ እሱን ስታጠፉት ሁሉ ነገር ይስተካከላል። ማስኩም ያው ነው፣ /24 ፋይሉ ላይ መጀመሪያ ሁለት ዜሮ ከዛ ስድስት ኤፍ ሆኖ ነው የሚታየው።

አሁን ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ይሄን አስተካክላችሁ ደስ ብሏችሁ ያንኑ ፈንክሽን አይፒቪ6 ላይ አትጠቀሙ። /ፕሮክ/ኔት/አይፒቪ6_ራውት የሚለው ፋይል አድሬሱን በ32 ዲጂት ሳይገለብጥ ነው የሚፅፈው፣ እንዳለ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እዛ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው፦ የፕሪፊክስ ርዝመቱም (ከ/ በኋላ የሚመጣው ቁጥር) በሄክስ ነው። 40 የሚል ካያችሁ 64 ማለት ነው፣ 80 ደግሞ 128። ሁለቱም ፊደል ስለሌላቸው ተራ ቁጥር ይመስላሉ፣ ቱሉም ምንም ኤረር ሳይሰጥ /40 ብሎ ያሳያል፣ /40 ደግሞ ሊኖር የሚችል ፕሪፊክስ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሜትሪኩም እንደዛው፣ 00000400 ማለት 1024 ነው፣ 00000100 ደግሞ 256። አይፒቪ4 ፋይል ላይ ግን ሜትሪኩ በተራ ቁጥር ነው የተፃፈው። ሁለቱን ፋይል በአንድ ኮድ ለማንበብ አትሞክሩ፣ ለየብቻ ፃፉላቸው።

4. መድረሻውና ጌትዌዩ አንድ አይነት ሆነው ከወጡ

ሁሉም መስመር ላይ ሁለቱ ኮለም አንድ አድሬስ ካሳየ ኮዱ በሲ የተፃፈ ነው፣ እና አንድ ፕሪንትኤፍ ውስጥ «ኢኔት ኤን ቱ ኤ» ሁለቴ ተጠርቷል። ይሄ ፈንክሽን መልሱን የሚፅፈው ራሱ ውስጥ ባለ አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ሁለተኛው ጥሪ የመጀመሪያውን መልስ ደምስሶ እላዩ ላይ ይፅፋል፣ ፕሪንትኤፍ ሲያነብ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይጠቁማሉ። የትኛው አድሬስ እንደሚያሸንፍ የሚወሰነው ኮምፓይለሩ የቱን ቀድሞ እንደጠራ ስለሆነ ማሽን ስትቀይሩ መልኩ ሊለወጥ ይችላል፣ ያ እንዳያደናግራችሁ። «ኢኔት ኤን ቱ ፒ» ተጠቀሙ፣ ለእያንዳንዱ ኮለም የየራሱን በፈር ስጡ፣ ለአይፒቪ4 16 ባይት ለአይፒቪ6 46 ባይት፣ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዜሮ ጨምሮ። አለቀ።

5. ዲፎልት ራውቱ 255.255.255.255 ማስክ ከለበሰ

እኔን ግማሽ ቀን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። ከፕሪፊክስ ወደ ማስክ ለመሄድ ሁሉም ቢት አንድ የሆነበትን 32 ቢት ቁጥር ወስዶ ከ32 ላይ ፕሪፊክሱን ቀንሶ በዛ ልክ ወደ ግራ መግፋት የተለመደ ነው። ለ/24 በ8 ይገፋል፣ ልክ ነው። ለ/0 ግን በ32 ይገፋል፣ የሲ ቋንቋ ደግሞ 32 ቢት ቁጥርን በ32 መግፋት ምን እንደሚሰጥ ዋስትና አይሰጥም። ኢንቴል ማሽን ላይ ፕሮሰሰሩ የመግፊያውን ቁጥር የታችኛውን 5 ቢት ብቻ ስለሚያይ 32 ዜሮ ይሆንና ምንም አይገፋም፣ ሁሉም ቢት አንድ እንደሆነ ይቀራል፣ ያ ማለት 255.255.255.255። መላውን ኢንተርኔት የሚሸፍነው ራውት የአንድ ማሽን ራውት መስሎ ታየ ማለት ነው። መፍትሄው ፕሪፊክሱ ዜሮ ከሆነ ቀጥታ ዜሮ መመለስ፣ ወይ ስሌቱን በ64 ቢት መስራት ነው። ኦፕቲማይዜሽን ስታበሩና ስታጠፉ ውጤቱ ሊለያይ ስለሚችል «እኔ ጋ ይሰራል» ብላችሁ አትለፉት።

ፓይተን ላይ እንደዚ አይነት ነገር የለም፣ ግን የሱ ዘመድ አለ። «ፕሪፊክስ ካለ አሳይ» ብላችሁ ከፃፋችሁ ዜሮን እንደሌለ ነው የሚቆጥረው፣ ዲፎልት ራውቱ ማስክ የሌለው ይሆናል፣ ሜትሪኩ 0 የሆነ ራውትም ባዶ ይወጣል። ፓይተን ለ«ምንም የለም» ካለው የራሱ ዋጋ ጋር አነፃፅሩ እንጂ ከዜሮ ጋር አታምታቱ።

6. ኮለሞቹ ከተዛነፉ

እዚ ጋ ሰው ቶሎ ስፔስ መጨመር ይጀምራል፣ ተው። መጀመሪያ የተዛነፈው ሁሉም መስመር ነው ወይስ አንዳንዱ ብቻ የሚለውን እዩ።

አንዳንዱ ብቻ ከሆነና ወደ ግራ ከሸሸ ጌትዌይ የሌለው ራውት ነው። 100.64.1.0/24 ቀጥታ ኢንተርፌሱ ላይ ስላለ ጌትዌይ አያስፈልገውም፣ ኮዱ እዛ ጋ ባዶ ፅሁፍ ካስቀመጠና በኋላ በስፔስ የሚያሰልፍ ነገር ከተከተለ ባዶው ይጠፋና ከሱ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አንድ ኮለም ወደ ግራ ይገባል፣ ኢንተርፌሱ ጌትዌይ ይሆናል ማለት ነው። ባዶ ቦታ ላይ ሰረዝ ወይም ኮከብ አድርጉ፣ በፍፁም ባዶ አትተዉት። አንሪቸብል ያላችሁት ራውት ደግሞ ኢንተርፌስ የለውም፣ ፋይሉ እዛ ጋ ኮከብ ነው የሚያስቀምጠው፣ በዚ ስም ኢንተርፌስ ፈልጎ የሚወድቅ ቱል አይቻለሁ።

አንዳንዱ ብቻ ሆኖ ወደ ቀኝ ከተገፋ ስፋቱ አልበቃውም። አይፒቪ4 ቢበዛ 15 ፊደል ነው፣ ፕሪፊክስ ሲጨመርበት 18 ይደርሳል፣ ሙሉ አይፒቪ6 39 ነው፣ በ/128 43። 15 ብሎ ቋሚ ስፋት የሰጠ ሰው አይፒቪ6ን አላሰበም። እና እዚ ጋ በጣም የምለምናችሁ ነገር፣ ቦታ ለማብቃት አድሬስ አትቁረጡ። ኮለሙን 11 ፊደል ላይ የሚቆርጥ ቱል 100.64.10.25ን 100.64.10.2 አርጎ ያሳያል፣ ይሄ የተቆረጠ አይመስልም፣ ትክክለኛ የሌላ ማሽን አድሬስ ነው፣ ያነበበው ሰው አምኖት ይሄዳል። የተዛነፈ ሠንጠረዥ አይን ይረብሻል፣ የተቆረጠ አድሬስ ግን ይዋሻል። የሲ ኮድ ላይ የፕሪንትኤፍ ፎርማቱ ውስጥ 15 ነጥብ 15 የሚል ካያችሁ ከነጥቡ በኋላ ያለው ነው የሚቆርጠው፣ አውጡት። ስፋቱን ደግሞ በሁለት ዙር አስሉ፣ በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም ሮው አንብባችሁ የየኮለሙን ትልቁን ርዝመት ያዙ፣ በሁለተኛው በዛ ስፋት አውጡ። ውፅዓቱ ወደ ፓይፕ ወይ ወደ ፋይል ሲሄድ የተርሚናሉን ስፋት አትጠይቁ፣ ተርሚናል መሆኑን በ«ኢዝ ኤ ቲቲዋይ» አረጋግጡ።

ሁሉም ሮው ተሰልፎ ርዕሱ ብቻ ካልገጠመ፣ በተለይ ርዕሱን ወደ አማርኛ ከቀየራችሁ በኋላ ከሆነ፣ ይሄን እኛ ነን በብዛት የምናየው ስለዚ ዘርዘር ላርገው። የሲ ፕሪንትኤፍ ስፋትን የሚቆጥረው በባይት ነው፣ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «መድረሻ» 4 ፊደል ነው ግን 12 ባይት፣ 15 ስፋት ስትሰጡት 11 ስፔስ መጨመር ሲገባው 3 ብቻ ይጨምራል፣ ሁለተኛው ርዕስ 8 ቦታ ወደ ግራ ይመጣል። «ጌትዌይ»ም 4 ፊደል ስለሆነ ሦስተኛው ርዕስ 16 ቦታ ይሸሻል፣ እያለ ይቀጥላል። መፍትሄው ስፋቱን ለፕሪንትኤፍ አለመስጠት ነው፣ ሎኬሉን አስነስታችሁ በ«ደብልዩሲኤስ ዊድዝ» ተርሚናል ላይ የሚይዘውን ቦታ ለኩና የጎደለውን ስፔስ ራሳችሁ ጨምሩ። ፓይተን 3 በፊደል ስለሚቆጥር ይሄ ችግር የለበትም። የኢንተርፌስ ስምም በግዕዝ ሊሆን ይችላል፣ 15 ባይት ስለሆነ 5 ፊደል ይይዛል፣ ያንን ሙከራው ላይ አንድ ጨምራችሁ እዩት።

የመጨረሻው የመዛነፍ አይነት መስመሩ ሁሉ ቀኝ ጠርዙን አልፎ ወደ ታች ሲጠቀለል ነው። የአይፒቪ4 ፋይሉ እያንዳንዱን መስመር 127 ፊደል እስኪሞላ በስፔስ ይሞላዋል፣ ኮለሞቹ መሀል ያለው ደግሞ ታብ ነው። በታብ ብቻ ከከፈላችሁ የመጨረሻው ኮለም ያን ሁሉ ስፔስ ተሸክሞ ይመጣል፣ ጌትዌይ የሚለው ርዕስ ኋላም አንድ ስፔስ ስላለ በስም ፈልጋችሁ አታገኙትም። በታብም በስፔስም አንድ ላይ ክፈሉ።

7. ትናንሾቹ

ፍላጉ (የራውቱን ሁኔታ የሚናገረው ኮለም) በሄክስ ነው፣ 0001 ዩ፣ 0002 ጂ፣ 0004 ኤች፣ እየተደመሩ ይመጣሉ፣ በጌትዌይ በኩል ያለው 100.64.2.7/32 0007 ሆኖ ይታያል። አንሪቸብሉ 0201 ነው፣ እንደ ተራ ቁጥር ካነበባችሁት የማይገናኝ ፊደል ታወጣላችሁ። ሜትሪክ -1 ካሳየ አይፒቪ6 ፋይሉ ላይ 8 ኤፍ ነው ያለው፣ ምልክት የሌለው 32 ቢት ብላችሁ አንብቡት፣ 4294967295 ይሆናል። 100.64.10.0 ከ100.64.2.0 በፊት ከመጣ በፅሁፍ ነው የደረደራችሁት፣ በአራቱ ባይት ደርድሩ።

8. ማረጋገጥ

ሙከራው ውስጥ የሁለቱንም ፋይል ይዘት በ«ካት» ወደ ተራ ፋይል ገልብጡና ከኮዳችሁ ጋር አስቀምጡ፣ ኮዱ የሚያነበውን ፋይል መንገድ ከውጪ መቀበል እንዲችል አርጉት፣ ቴስቱ ሩት ሳይፈልግ የተቀመጠውን ያንብብ። ከዛ ቱሉ ያወጣውን መድረሻ፣ ጌትዌይና ሜትሪክ ከ«አይፒ ሰረዝ ጄ ራውት ሾው» ጄሰን ጋር (ለአይፒቪ6 ሰረዝ 6 ጨምሩበት) በኮድ አነፃፅሩ፣ በአይን ብቻ አይደለም፣ ምክንያቱም /40 እና /64ን አይን ያልፋቸዋል። አንዱን ባግ ባስተካከላችሁ ቁጥር ሙሉውን ደግማችሁ አስኪዱ፣ 3ኛውን ስታስተካክሉ የአይፒቪ6ቱን መስበር ቀላል ነው። ሁሉም ከተስማማ እውነተኛው ማሽን ላይ ቱሉን ለማንበብ ብቻ አስነሱት፣ ከዳኛው ጋር አስተያዩትና «አይፒ ኔትኤንኤስ ዴሌት ሙከራ» ብላችሁ የሞከራችሁበትን አጥፉ።